የመጀመሪያው በር
እዚህ አስኮም እንደ ሌላው ሰፈር፣ ልጆች ኢንተርኔትን የሚተዋወቁት በዩቲዩብ ነው፤ አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ልንገራችሁ፤ ይህ የሚደረገው ልጁ ዓይኑን እንዳይነቅል ነው።

ሌላ በር ክፈቱለት። መጀመሪያ የወረቀቱን መጽሐፍ አንብቡለት። ቀጥሎ «ማን ጻፈው?» ብላችሁ የደራሲውን ድረ ገጽ አብራችሁ እዩ። ለምሳሌ ጄን ከርትዝ ማጂ ያደጉ አሜሪካዊት ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ርግብ ስለሚያረባ ልጅ ከወንድማቸው ጋር ጽፈዋል። አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ ደግሞ የአማርኛ ተረቶች በነፃ አሉ፤ አውርዳችሁ ብታስቀምጡ ኔትወርክ ሲጠፋም ይነበባሉ።

ልጃችሁ ኢንተርኔት ጥያቄ ይዞ የሚገባበት፣ መልስ አግኝቶ የሚወጣበት ቤት መሆኑን ከአሁኑ ይልመድ። መውጣቱን ከለመደ፣ ስልኩን ስትቀበሉት አያለቅስም።