በአዲስ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚደጋገመው የማርሽ ችግርና መፍትሔው

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ይፋት ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ዳርቻ ወደ መሐል አገር ይዘልቁ የነበሩ የሲራራ ነጋዴዎች መተላለፊያ ነበር። ለዘመናት ጭነት የተመላለሰው በግመልና በአህያ ሲሆን፣ አሁን ሽንኩርት፣ ማሾና ማሽላ ከሚመረትባቸው የቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ወደ ከተማ በሚወስዱት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይ ሞተር ሳይክልም ድርሻውን ይዟል።

ሞተር ሳይክል በገጠር ወረዳዎች የሚሰጠው አገልግሎት ዘርፈ ብዙ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኞች ከቀበሌ ቀበሌ ይንቀሳቀሱበታል፤ የጤና ባለሙያዎች ክትባትና መድኃኒት ያደርሱበታል፤ ነጋዴዎችም እሑድ ወደሚውለው የሰንበቴ ገበያ ይጓዙበታል። በብድር ገዝቶ የዕለት ገቢውን በእርሱ ላይ ለመሠረተ ወጣት ደግሞ ሞተሩ ለአንድ ሳምንት መቆሙ የብድር ክፍያውን ያዛባበታል። በመሆኑም የአዲስ ሞተር ሳይክል ብልሽት የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አዲስ ሞተር ሳይክል የገዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የማርሽ ጉዳይ ነው። ማርሹ ለመግባት ይከብዳል፤ ሞተሩ በቆመበት ፎሌ፣ ማለትም ማርሽ የማይዝበት ቦታ፣ በቀላሉ አይገኝም፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲለወጥም በመካከል ላይ ይንሸራተታል። ባለቤቱ ተበሳጭቶ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩም ካምቢዮውን ይከፍታል። ብዙውን ጊዜ አዲሱ ሞተር የሚበላሸው፣ ባለቤቱም የሻጩን ዋስትና የሚያጣው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ከአሠራሩ መረዳት እንደሚቻለው ግን የችግሩ መነሻ በአብዛኛው ያለው ከካምቢዮው ውጭ ነው።

ይህን ለመረዳት አሠራሩን በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ባለማርሽ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚሠሩት በአንድ ዘይት ውስጥ ነው። ፍሪሲዮኑ በዘይት የራሱ ተደራራቢ ዲስኮች ሲኖሩት፣ በግራ እጅ ያለው እጀታ ሲያዝ ዲስኮቹ ተላቀው የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ይለያሉ። በዚያች ቅጽበት የማርሽ ፔዳሉ በእግር ሲገፋ በውስጥ ያለው ዘንግ አንድ እርምጃ ይዞርና ጥርሶቹን ወደሚቀጥለው ማርሽ ያሸጋግራል። ዲስኮቹ በሚገባ ካልተላቀቁ ጥርሶቹ ጉልበት እንደተሸከሙ ለመሸጋገር ይገደዳሉ። ከፍተኛ ድምፅ የሚሰማው፣ ፔዳሉ የሚከብደውና ፎሌ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በመነሳት የመጀመሪያው መመርመር ያለበት ነገር የፍሪሲዮኑ ገመድ ነው። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ይለጠጣል። ከተለጠጠ በኋላ እጀታው ሙሉ በሙሉ ቢያዝም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የብዙ ሞተር ሳይክሎች መመሪያ በእጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነጻ እንቅስቃሴ እንዲኖር ያዝዛል፤ ትክክለኛው ልክ ግን በየሞዴሉ መመሪያ ላይ የሰፈረው ነው። ነጻ እንቅስቃሴው ሲበዛ ማርሽ ይከብዳል። በአንጻሩ ገመዱ ከመጠን በላይ ሲወጠር ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ዲስኮቹም ያለጊዜያቸው ይቃጠላሉ። ማስተካከያው በእጀታው ሥርና በሞተሩ በኩል በሚገኙ ብሎኖች የሚከናወን በመሆኑ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የማሟሻ ጊዜ ጉዳይ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ አዲስ ሞተርም ብረቶቹ እርስ በርስ እስኪስማሙ ድረስ ከባድ ሥራ አይጫንበትም። በዚህ ወቅት ከጥርሶቹና ከሌሎች ተንቀሳቃሽ አካላት የሚፋቅ ደቃቅ ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባል። የመጀመሪያው ዘይት ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ፣ እንደየአምራቹ መመሪያ ከ500 እስከ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጉዞ ውስጥ እንዲለወጥ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ዘይቱ ገና ንጹሕ ይመስላል በሚል ይህን አገልግሎት ማዘግየት ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እስኪያልፉ ማርሹ በመጠኑ መክበዱ ግን የተለመደ ክስተት በመሆኑ ብቻውን ሊያሳስብ አይገባም።

ሦስተኛው የዘይት ምርጫ ነው። በገበያ ላይ ያለ የመኪና ዘይት ሁሉ ለሞተር ሳይክል አይሆንም። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ፍትጊያን የሚቀንሱ ቅመሞች ተጨምረውባቸዋል። እነዚህ ዘይቶች በዘይት ውስጥ በሚሠራው የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ውስጥ ሲገቡ ዲስኮቹ እንዲንሸራተቱ ያደርጋሉ። የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት ከ1990ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ደረጃ ሥራ ላይ አውሏል። በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለው ዘይት ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ተስማሚ ሲሆን፣ «ኤም ቢ» የሚለው ግን ፍትጊያው አነስተኛ በመሆኑ አይመከርም። የዘይቱ ውፍረትም በመመሪያው ከታዘዘው ጋር መመሳሰል ይኖርበታል።

የይፋት መልክዓ ምድርና የአየር ጠባይ እነዚህን ችግሮች ጎላ አድርጎ ያሳያል። በቆላው ሙቀት በገበያ ግርግር መካከል ፍሪሲዮኑ በተደጋጋሚ ሲያዝ ዲስኮቹ ይግላሉ፤ የገመዱ ልክም ይዛባል። ጠዋት በሚገባ ይሠራ የነበረ ማርሽ እኩለ ቀን ላይ የሚያስቸግረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በዝናብ ወቅት ደግሞ ጭቃ በፔዳሉ መገጣጠሚያና በሰንሰለቱ ላይ ይጋገራል። ከልክ በላይ የላላ ወይም የተወጠረ ሰንሰለት ማርሽ ሲለወጥ ሞተሩ እንዲነጥር ስለሚያደርግ፣ ባለቤቱ ችግሩን ከካምቢዮው የመጣ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ከሸዋሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ለመድረስ ደግሞ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ግድ ይላል። ሞተር ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል። በመሆኑም በቆላው በአራተኛ ማርሽ ይጓዝ የነበረ አነስተኛ ሞተር ዳገቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ቢወጣው ብልሽት አይደለም። ይልቁንም አሳሳቢው ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ ሙሉውን ሸክም ፍሬን ላይ ይጥላል። ማርሽ በራሱ የሚወጣበት ሞተር ሳይክል ጣርማ በርን እንዲወርድ መፍቀድም ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ከዚህ አኳያ የማርሽ ችግር ከምቾት አልፎ የትራፊክ ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

የአሽከርካሪው ልምድም እንዲሁ ወሳኝ ነው። በከተሞች በስፋት የሚሠራውን ባለሦስት እግር ባጃጅ የሚያሽከረክር ሰው ማርሽ የሚለውጠው በግራ እጁ የመሪውን መያዣ በማዞር ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ግን ይህ ሥራ የግራ እግር ነው። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ሞዴሎች ማርሾቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሲገቡ፣ በሌሎቹ ደግሞ አንደኛው ወደ ታች፣ የተቀሩት ወደ ላይ ይገባሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ አሽከርካሪ የእግሩን ልማድ እስኪያርም ድረስ ማርሽ መሳቱ አይቀርም። በቆላው አካባቢ የሚዘወተረው በረባሶና ነጠላ ጫማም ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ለመግፋት አያመችም። በግማሽ የተገፋ ፔዳል ደግሞ ጥርሶቹን በግማሽ ብቻ ያሸጋግራል፤ ሲደጋገምም ጠርዛቸውን እየበላ እውነተኛ ብልሽት ያስከትላል።

እንግዲህ ችግሩ ሲያጋጥም ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ጊዜና ገንዘብ ያድናል። በቅድሚያ የፍሪሲዮኑ ገመድ ልክ፣ ቀጥሎም የማርሽ ፔዳሉን የያዘው ብሎን ጥብቀትና የፔዳሉ ከፍታ ይታያል። ከዚያም የዘይቱ መጠንና ዓይነት፣ በመጨረሻም የሰንሰለቱ ውጥረት ይመረመራል። እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ማርሹ በጉዞ ላይ በራሱ የሚወጣ፣ አንድ የተወሰነ ማርሽ ብቻ የማይዝ ወይም በሚለወጠው ዘይት ውስጥ የብረት ስብርባሪ የሚታይ ከሆነ ግን የውስጥ ጉድለት ስለመኖሩ በቂ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ሊከፈት የሚገባው በሻጩ ወይም ሻጩ በወከለው ጋራዥ ነው።

ሕጉም ለገዢው ከለላ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ለመሆኑ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ባገኘ ጊዜም ወዲያውኑ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ማስታወቂያውን ከሰጠ በኋላ መብቱን መጠየቅ ያለበት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ስለሆነም ደረሰኝን፣ የዋስትና ወረቀትንና የመጀመሪያ አገልግሎት ማስረጃን በጥንቃቄ መያዝ፣ ቅሬታንም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማቅረብ ተገቢ ነው። በየመንደሩ የተከፈተ ካምቢዮ ይዞ የሚቀርብ ባለቤት ጉድለቱ ከፋብሪካ ለመምጣቱ ለማስረዳት ይቸገራል።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ትኩረት እየሳቡ መጥተዋል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ማርሽና ፍሪሲዮን የላቸውም። ይሁን እንጂ የኃይል አቅርቦት ባልተስፋፋባቸው ቀበሌዎች በቤንዚን የሚሠራው ባለማርሽ ሞተር ሳይክል ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገሉ አይቀሬ ነው።

በመሆኑም ለሠራተኞቻቸው ሞተር ሳይክል የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ዋጋን ብቻ ሳይሆን የመለዋወጫና የአገልግሎት ቅርበትንም በግዢ መስፈርታቸው ማካተት፣ የመጀመሪያውን ዘይት መለወጫ በጀትም አብረው መያዝ ይኖርባቸዋል። ሻጮች በርክክብ ወቅት የገመድ ማስተካከያውን በተግባር ቢያሳዩና መመሪያውን በአማርኛ ቢያቀርቡ ከብዙ ውዝግብ ይድናሉ። የማሠልጠኛ ተቋማትም የማርሽ አቀያየርን በቁልቁለትና በዳገት ላይ ማስተማር ይጠበቅባቸዋል። በይፋት ቆላ ያለች እናት ክትባቱን በወቅቱ የምታገኘው፣ የአርሶ አደሩ ማሾም ለገበያ የሚደርሰው የተገዛው ሞተር መንገድ ላይ ሳይቀር ሲቀር ነውና፣ ለአንድ ገመድና ለአንድ ሊትር ዘይት የሚሰጠው ትኩረት የሚያስገኘው ጥቅም ከወጪው በእጅጉ የላቀ ነው።