ደፍተሩን ነው ወይስ ግልባጩን?

ካርቱም ውስጥ ሳጃና የሚባል ሰፈር አለ። ቤት የሚሠራ ሰው ሳይረግጠው አይቀርም ነበር። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቧንቧ፣ ቀለምና ምስማር በየመደብሩ ደጃፍ ተቆልሎ ይሸጥ ነበር። እኔም እዚያ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አራት ዓመት ሒሳብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። የምኖረው ብዙ ሐበሻ ባለበት በዴም ሰፈር ነበር። ጠዋት ሥራዬ በእግሬ እገባለሁ፣ ማታ ማታ በአሮጌ ላፕቶፕ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ።

የመደብሩን ባለቤት ሐጂ እያልን ነበር የምንጠራቸው። እሳቸው ደግሞ «ያ ቢንቲ» ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት ነው። የዕቃውን ሁሉ ዋጋ የሚጽፉበት ትልቅ ደፍተር ነበራቸው። ኮንትራክተር መጥቶ ዋጋ ሲጠይቅ ደፍተሩን አይሰጡትም። የሚፈልገውን በሌላ ወረቀት ገልብጠው፣ ቅናሹን እወረቀቱ ላይ ሠርተው ይሰጡታል። ደፍተሩ አይነካም። ይህን ልማዳቸውን በየቀኑ እያየሁ ትርጉሙን ሳላስተውል ቀረሁ፤ በኋላም ዋጋ አስከፈለኝ።

ሥራ እንዲቀልላቸው ብዬ አንድ ትንሽ የዋጋ ፕሮግራም ጻፍኩ። የዕቃዎቹን ዋጋ በአሬይ አስቀመጥኩ። አሬይ ማለት አንድ ዓይነት ነገሮች ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር ተሰጥቷቸው የሚሰለፉበት መደርደሪያ ነው። ከዚያ ቅናሽ የሚያሰላ ሜተድ ሠራሁ፤ ሜተድ ማለት በስሙ ሲጠሩት የታዘዘውን ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል ነው። ደንበኛ አንድ ዕቃም ሊገዛ ይችላል፣ ሠላሳም፤ ስለዚህ ሜተዱ የመጣለትን ያህል ዋጋ እንዲቀበል ፈለግሁ።

ለዚህ ጃቫ መላ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጃቫ 5 ሦስት ነጥብ ይዞ መጣ። ከዋጋው የመረጃ ዓይነት ስም ቀጥሎ ሦስት ነጥብ ካስቀመጥን ሜተዱ አንድም፣ አሥርም ይቀበላል፤ ምንም ባንሰጠው እንኳ ባዶ አሬይ ደርሶኛል ብሎ ይሠራል። ከዚያ በፊት ሜተዱን የሚጠራው ሰው አስቀድሞ አሬይ ሠርቶ ማቀበል ነበረበት። ደንቡ ሁለት ነው። በአንድ ሜተድ ውስጥ እንዲህ ያለ ተቀባይ ከአንድ በላይ አይፈቀድም፤ ያም አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ መጨረሻ መቆም አለበት። ስንት ሰው እንዳለበት የማይታወቅ ሰልፍ ከመሐል ከገባ የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ አይለይምና። እኔም የቅናሹን መጠን ከፊት፣ ዋጋዎቹን ከኋላ አደረግሁ።

ሞከርኩት። 10 በመቶ ቅናሽ ብዬ 100፣ 200 እና 50 በየተራ ሰጠሁት፤ 90፣ 180 እና 45 መለሰልኝ። ደስ ብሎኝ በማግስቱ ሥራ ላይ አዋልኩት። የመጀመሪያው ኮንትራክተር የሙሉ ዕቃ ዝርዝር ስለጠየቀ ዋጋዎቹን አንድ በአንድ በመጻፍ ፈንታ የመደብሩን የዋጋ አሬይ እንዳለ ለሜተዱ ሰጠሁት። 100 ፓውንድ የነበረው 90 ሆነለት። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ኮንትራክተር መጣ፤ ለእሱ 81 ሆነ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ተራ ደንበኛ፣ ምንም ቅናሽ ላልጠየቀው፣ በ81 ሸጥንለት። ማታ ሐጂ ሽያጩን ከደፍተሩ ጋር ሲያስተያዩ ሒሳቡ አልገጠመም። አልተቆጡኝም። ደፍተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ያ ቢንቲ፣ ይህን ማን ነካው?» ብቻ አሉኝ። የነካሁት እኔ ነበርኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ለሜተዱ ዋጋዎችን በየተራ ስንሰጠው ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ለጥሪው ብቻ የሚሆን አዲስ አሬይ ይሠራል። ሜተዱ በዚያ ላይ ቢደልዝ ቢሰርዝ እኛ ዘንድ ያለውን አይነካም። የተዘጋጀ አሬይ ስንሰጠው ግን ቅጂ አያወጣም፤ ወደዚያው አሬይ የሚያደርስ አድራሻ ነው የሚቀበለው። አድራሻው ቢገለበጥም የሚያደርሰው እዚያው መደርደሪያ ዘንድ ነው። ሜተዱ አንዱን ዋጋ ሲለውጥ የእኛው ዋጋ ይለወጣል። አጠራሩ አንድ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ሲ ሻርፕ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ጠባዩ ይኸው ነው። የፓይተን ቋንቋ በአንጻሩ በኮከብ ምልክት የሚቀበለውን ሁሉ ቱፕል በሚባል አዲስ ዝርዝር ያስቀምጠዋል፤ ቱፕል ደግሞ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም።

መድኃኒቱ አንዲት መስመር ነበረች፤ ሜተዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአሬዩን ግልባጭ አውጥቶ በግልባጩ ላይ እንዲያሰላ ማድረግ። ሐጂ በወረቀት ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። የእኔ ዋጋዎች ቁጥር ስለነበሩ ይህ በቂ ሆነ። አሬዩ ኦብጀክቶችን፣ ማለትም ውስጣቸው ሊለወጥ የሚችል የመረጃ ጥቅሎችን፣ የያዘ ቢሆን ኖሮ ግን መደርደሪያውን መገልበጥ ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱ መደርደሪያዎች ላይ የሚቀመጡት ያው ኦብጀክቶች ናቸውና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙዎቻችን በገዳሪፍ አድርገን በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገባን። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ተማሪዎችን ጃቫ አስጠናለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። ተማሪው የሦስቱን ነጥብ ደንብ በእንግሊዝኛ በቃሉ ይወጣዋል። «ከአንድ በላይ አይሆንም፣ መጨረሻ ይቆማል» የሚለውን አንድም ቃል ሳያዛንፍ ይነግረኛል። «አሬዩን ስትሰጠው ምን ሰጠኸው?» ብዬ በአማርኛ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ስንፍና አይደለም። ያንን ጥያቄ በሚያስብበት ቋንቋ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎቻችን የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በሦስት ዓመት ኮድ ለማስተማር ያለመ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ተጀምሯል። ሁለቱንም በደስታ ተቀብያለሁ። የእኔ ስጋት ብዛቱን ስንቆጥር መረዳቱን እንዳንረሳ ነው። ምርጫ የቀረበለት ጥያቄ ላይ ትክክለኛውን ፊደል ማክበብ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ሒሳብ፣ የታካሚ መዝገብ ወይም የተማሪ ውጤት የያዘ አሬይ ለሜተድ ሲሰጡ ምን እንደሚሆን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። እኔ ያበላሸሁት የአንድ ቀን ሽያጭ ነበር፤ ደግነቱ ማስተያያ የሚሆን ደፍተር ነበረ። ደፍተር የሌለበት ቦታ ላይ ስህተቱ ሳይታወቅ ይኖራል።

«የሥራው ዓለም እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ማስተማር ልጆቹን ወደኋላ ያስቀራል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን አሬይን አሬይ አትበሉት፣ ሜተድን ሜተድ አትበሉት አላልኩም። ስሙ እንዳለ ይሁን፤ ማብራሪያው፣ ምሳሌውና ጥያቄው ግን በአማርኛ ይሁን። ጃቫ ራሱ አይከለክለንም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ ገብቷል፤ ጃቫም የሜተድና የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን እንድንጽፍ ይፈቅዳል። እኔ ለጀማሪዎች ሜተዱን «ቅናሽ»፣ ተቀባዩን «ዋጋዎች» ብዬ በግዕዝ ፊደል አጽፋቸዋለሁ። ገብቷቸው ሲያበቁ ወደ እንግሊዝኛው ስም መሸጋገር የአንድ ቀን ሥራ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ተረታችን ለኮድም ይሠራል።

ስለዚህ ለመምህራን ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሦስቱን ነጥብ በሰሌዳው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ለክፍሉ አንድ ደብተር አሳዩ። አንዱን ተማሪ ጥሩና ደብተሩን ስጡት፤ ለሌላው ደግሞ የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ስጡት። ሁለቱም የተሰጣቸው ላይ ይሰርዙ። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ ምን እንደተለወጠ ክፍሉን ጠይቁ። ያን የተመለከተ ልጅ ሜተድ በጠራ ቁጥር ቆም ብሎ ራሱን ይጠይቃል፦ አሁን የምሰጠው ደፍተሩን ነው ወይስ ግልባጩን?