የጤና ምሩቁ ከገበሬው ግቢ ሲገባ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በጤፍ ማሳው ላይ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ገበሬው ግቢ ሲዘልቅ ግን ከአዝመራው ሌላ የሚያየው ነገር አለ። ማዝ በያዘው ዓይኑ ላይ ዝንብ የሰፈረበት ሕፃን፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ እየወጋት በወረንጦ የምትነቅል እናት፤ አምና በብዙ ድካም ተቆፍሮ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የተናደ የመፀዳጃ ጉድጓድ።

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳርና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በኅብረተሰብ ጤና የሚመረቁ ወጣቶች ይህን ግቢ ለመለወጥ እንዲሠሩ ይጠበቃል። በትምህርት ማነስ የሚታሙ አይደሉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ በጤናው ዘርፍ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የተጀመረ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ፈተና መኖሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከአራት መልሶች ትክክለኛውን የሚመርጥ ተፈታኝ፣ አንድም መልስ ባልተጻፈበት ግቢ ውስጥ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ ወረቀቱ ምላሽ አይሰጥም።

ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ በደምብያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ዓላማው ሆስፒታል የሚጠብቅ ሐኪም ማፍራት አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ጎን ለጎን ሠልጥነው፣ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየተላኩ እዚያው በሥራ ላይ ይማሩ ነበር። አንዱ ሲያክም፣ ሁለተኛዋ ከቤት ቤት ስትዞር፣ ሦስተኛው ምንጭ ሲያጎለብትና መፀዳጃ ሲያስቆፍር አብረው ይውላሉ። በ1975 ዓ.ም. የተከፈተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ውስጥ መሠረት አድርጎ የቡድን ሥልጠናውን ቀጠለበት። እንግዲህ መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል ማለት ነው።

ምን ያህል ሊሠራ እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሞጣ ርእሰ ከተማው የሆነችው የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በተካሄደ ቅስቀሳ ከ20 ሺህ በላይ የቤተሰብ መፀዳጃ ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። ሥራው በካርተር ማዕከል ከሚደገፈው የትራኮማ መከላከል ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነበር። ቆፋሪው ገበሬው ራሱ ሲሆን፣ የተሠራበትም ከአካባቢው የተገኘ እንጨትና ጭቃ ነው። ሲሚንቶ እስኪመጣ አልተጠበቀም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ መጠየቅ ለምሩቁ ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጥበታል። ማዕከሉ በኋላ ደጋግሞ እንደገለጸው፣ በአማራ ክልል ሽንት ቤቱን ከማንም በላይ የፈለጉት ሴቶች ናቸው። ወንዱ በቀን ሜዳ ሲወጣ ነውር አይባልበትም፤ ሴቷ ግን ጎሕ ሳይቀድ ወይም ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ካልሆነ መውጣት አትችልም፤ ቀኑን ሙሉ ራሷን ይዛ ትውላለች። ስለ ትራኮማ ጀርም የተነገረው ትምህርት ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ዶማውን ያስነሣው የእናትና የሚስት ችግር ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ግቢ ሲገባ ንግግሩን ከማን ጋር እንደሚጀምር አይቸገርም። ብዙው ምሩቅ ግን ዛሬም አባወራውን ፈልጎ፣ አባወራው ማሳ ወርዶ ከሆነ «ሰው አጣሁ» ብሎ ይመለሳል፤ ቡና እየቆላች የነበረችው ሴት ሰው ያልሆነች ይመስል።

የትራኮማው ነገር ከጉድጓዱ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በቀላል አማርኛ ማስረዳትም አንድ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከ100ው 62 ያህሉ በሽታው በዓይናቸው ላይ ተገኝቶባቸው ነበር። በሽታውን ከልጅ ወደ ልጅ ከሚያጓጉዙት አንዱ የዓይን ዝንብ ሲሆን፣ ይህ ዝንብ አብዝቶ የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ እምብዛም አይራባም። ስለዚህ ያልተማረ ሰው የሠራው ሻካራ ጉድጓድም ቢሆን ዝንቡን ይቀንሳል። የሕፃኑን ፊት ማጠብ ደግሞ ዝንቡ የሚፈልገውን ማዝ ያነሣል። አንድ እፍኝ ውሃ ለአንድ ፊት እንደሚበቃ፣ እናቲቱ ውሃውን ከሩቅ በጀርባዋ የምታመጣ ከሆነ፣ በቃል ሳይሆን እዚያው አጥቦ ማሳየት ይገባል።

አሁን ወደ ብቸና እንመለስ። የእነማይ ወረዳ ሜዳ የጤፍ አገር ያደረገው ጥቁሩ ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጉድጓድም ተቆፍሮበት እንደሆነ ግድግዳውን ገፍቶ ይጥላል። «ሽንት ቤት ቆፍሩ» ተብሎ የቆፈረ፣ ክረምት ሲገባ የተናደበት፣ በዓመቱ «ለምን አልቆፈርክም» ተብሎ የተወቀሰ ገበሬ ትምህርቱን ቢያቃልል ሊፈረድበት አይገባም። ጥፋቱ የአፈሩን ጠባይ ሳይጠይቅ ያስተማረው ባለሙያ ነው።

የአካባቢው የግብርና ልማት ሠራተኛ ይህን ሁሉ ያውቃል። ዋልካ ካልተጠነፈፈ ስንዴ እንደማይሰጥ፣ መደብ ከፍ ብሎ ቦይ ሊወጣለት እንደሚገባ ሲያስተምር ኖሯል። ለመፀዳጃውም ብልሃቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከግቢው ከፍ ያለውን ቦታ መምረጥ፤ አፉን ከመሬት በላይ በአፈርና በድንጋይ ከፍ አድርጎ የጎርፍ መከላከያ ቦይ መቅደድ፤ አራት ማዕዘኑን ትቶ ክብ አድርጎ መቆፈር፣ ክብ ግድግዳ ግፊትን ይችላልና፤ ከተቻለም ከአፉ ጀምሮ በድንጋይ መደገፍ። ከውሃ ጉድጓዱ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ጤና ጣቢያውና የገበሬ ማሠልጠኛው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ቢሆኑም ሁለቱ ባለሙያዎች በዓመት አንድ ቀን እንኳ ስለ አፈር የማይነጋገሩበት ስፍራ ብዙ ነው። የሚያስቆጭ ነገር ነው።

ሌላው የሚጠበቀው ችሎታ አነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት በእንግሊዝኛ ቢያስብ አይገርምም፤ «ሳኒቴሽን»ና «ኮንታሚኔሽን» እያለ በዛፍ ጥላ ሥር ለተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ቢናገር ግን አዳማጩ በጨዋነት ራሱን ይነቀንቅለታል እንጂ አልሰማውም። አዛውንቱን «አንተ» የሚል፣ እማወራዋን «እመት» ማለት የሚያፍር፣ በጾም ወራት ስለ እንቁላልና ወተት ሲሰብክ የሚውል ባለሙያ በሩ ይዘጋበታል። ጾም ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን እንዴት እንደሚመለከት ከቄሱ ጋር አስቀድሞ የተነጋገረ ግን ቄሱ ራሳቸው ይናገሩለታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ስፍራ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ የታየውም ይኸው ነው፤ ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ቅዱስ ስፍራ ውሃውን የማከም፣ መፀዳጃ የማዘጋጀትና ሕሙማንን ፈጥኖ የመለየት ሥራ ከካህናቱና ከጸበልተኛው ጋር ካልተመከረበት አይሳካም። ጎጃም ጸበል የበዛበት አገር ስለሆነ ትምህርቱ ለብቸናም ለሞጣም ይሠራል።

በእግር እብጠት የተያዙትንም ማስታወስ ይገባል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ከሚለው መካከል አንዱ ዓይነት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ ነው። በምሥራቅ ጎጃምም በጥናት ተረጋግጧል። ተላላፊ አይደለም። ቤተሰቡ ግን በዘር ነው ተብሎ ልጁን የሚያገባ ያጣል፤ ሕመምተኛው ከማኅበር ይርቃል። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ብዙ እንደሚያሻሽል የሚያስረዳ ባለሙያ በዚያች መንደር ጋብቻም ያድናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የቁጥር ነገር ነው። ምሩቁ ቁጥርን መቁጠር ብቻ ሳይሆን ቁጥር ምን እንደሚል ማድመጥ ይጠበቅበታል። ለምሳሌ በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የወባ ሰንጠረዥ ለጌጥ አይደለም። ባለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ሕሙማን ቁጥሮች ሁለተኛው ከፍተኛ የሆነው እንደ ወሰን ይያዛል፤ የዘንድሮው ሳምንት ከዚያ ከበለጠ ወረርሽኝ እየመጣ ነው ማለት ነው። በዓባይ በረሃ ዳር ባሉት የሁለት እጁ እነሴ ቆላ ቀበሌዎች ይህች መሥመር በሰዓቱ ብትነበብ የሰው ሕይወት ታተርፋለች። በ1951 ዓ.ም. ግድም በአገሪቱ ደጋማ ስፍራዎች የገባው ወባ ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ለክፎ ወደ 150 ሺህ የሚገመተውን ሲገድል፣ የሚቆጥርና ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ቆጣሪ አለ። ችግሩ ሌላ ነው፤ የተላከው ቁጥር ከግቢው ጋር የማይገናኝበት ጊዜ አለ። የተናደው ጉድጓድ በመዝገብ ላይ ቆሞ ይኖራል። በር የሌለው፣ ጭድ የሞላው፣ ማንም ያልገባበት ሽንት ቤት «አገልግሎት ላይ የዋለ» ተብሎ ይደመራል። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ሲልክ ጉድለቱ እየጠፋ ይሄዳል። መቶ በመቶ ተሠራ በተባለበት ቀበሌ ሕፃኑ ዓይኑን ሲታመም ደግሞ ማንም ምክንያቱን መፈለግ አይችልም፤ መዝገቡ ችግር የለም ይላላ! «የኔ ቀበሌ ሥራ ግማሽ ነው» ብሎ በአለቃው ፊት የሚጽፍ ወጣት ከሁሉ የከበደውን ችሎታ ይዟል። አለቃውም ይህን በመጻፉ እንዳይቀጣው ማድረግ የወረዳው ፈንታ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሊረሱ አይገባም። ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 16ቱን የጤና ጥቅሎች ተሸክመው ቤት ለቤት የዞሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ዲግሪ ይዞ የሚመጣው ወጣት ተቆጣጣሪያቸው ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግን ተማሪያቸው ቢሆን አይጎዳም። የትኛው ቤት ውሻ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት ልጅ እንደሞተባት እነሱ ያውቃሉ።

ለምሩቁም ፍርድ ይገባዋል። ተመርቆ ሥራ የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ የተመደበውም በብዙ ስፍራ ያለ በቂ መጓጓዣና ያለ መኖሪያ ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ ዘግቶ መድኃኒትና ክትባት ያዘገየበት ጊዜ ብዙ ነው። ከባለሙያው መስጠት የማይችለውን መጠየቅ አይገባም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር አለ። ከመመረቂያው በፊት ባለው በጋ ተማሪውን ለሁለት ወር ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር በአንድ የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ቀበሌ ያስቀምጡት፤ ከገበሬው ጋር ሆኖ በዋልካው ላይ አንድ መፀዳጃ ያስቆፍር፤ በቦታ ምርጫውም የግብርና ልማት ሠራተኛውን ያማክር። ፈታኙ ሥራውን ለማየት የሚመጣው ግን እዚያው በጋ ላይ ሳይሆን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ይሁን፤ ጉድጓዱ ቆሞ እንደሆነና እናቲቱ ትገባበት እንደሆነ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።