የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ስለ ሕልምና ስለ እውን

ደሴ ላይ ጎረቤትና ጎረቤት በማለዳ ቡና ላይ የሌሊቱን ሕልም ሲያወጉ፣ አንደኛው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 የተጻፈውን ዮሴፍን፣ ሁለተኛው በቁርኣን 12ኛው ሱራ የተነገረውን ዩሱፍን እያሰቡ፣ ያንኑ የያዕቆብን ልጅ ምስክር አድርገው፣ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ተባብለው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት፣ በ1641 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ነቅቻለሁ የሚል ሰው በሕልም ላይ አለመሆኑን በምን ምልክት ያረጋግጣል ሲል ጠይቋል፤ ጥያቄው ጥልቅ ቢሆንም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በምድጃ ዳር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ጥያቄ ነው። ገድለ ላሊበላ ግን፣ ንጉሡ ገና ሳይነግሥ በመርዝ ምክንያት ሦስት ቀን እንደ በድን ተኝቶ ሳለ፣ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው ከዐለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሳዩት ይተርካል፤ ተጠራጣሪ ራእዩን ቢክድ (መብቱ ነው) በላስታ ምድር የቆሙትን 11 አብያተ መቅደስ ሊክድ አይቻለውም፤ የሚቀረው ክርክር፣ እውን የሚባለው ዐለቱ ነው ወይስ ዐለቱን ያስፈለፈለው ሐሳብ የሚለው ነው።

በዚህ እትም የተሰበሰቡት ጸሐፍት በዚህ አይስማሙም፤ አዘጋጁም ሊያስታርቃቸው አልደፈረም። አንባቢ ግን ከፍልስፍናው አስቀድሞ ስለ ገድሉ የተጻፈውን ቢያነብ እመርጣለሁ።