ጥላችን ሲያጥር ልጆቹን ወደ ጥላ እናስገባ



«የደጋ ፀሐይ ምን ታደርጋለች?» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኛም አምነንበት ነበር። ባለፈው መጋቢት ለትምህርት ጉብኝት ከአዲስ ዘመን ተነሥተን ወደ ጣራ ገዳም በእግር ስንወጣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ባርኔጣ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ የጣለችውን አንዲት እጩ መምህርት እንኳ «አሮጊት መሰልሽ» እያልን ሳቅንባት። ማታ ግን የብዙዎቻችን ከንፈር ተሰነጠቀ፤ የቀዮቹ ልጆች አፍንጫ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ተላላጠ። ያቺ የሳቅንባት ልጅ ምንም አልሆነችም። በእርግጥ ከወይራውና ከአጋሙ መካከል ገብተን ጥላው ሥር ባረፍንበት ጊዜ ልዩነቱ ታውቆን ነበር፤ ነገር ግን ልብ አላልነውም።

ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው? ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ለዓይን አይታይም፤ ሙቀቱም አይሰማም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 ከመቶ ያህል ይበረታል፤ ከበላያችን ያለው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ቆላው ሙቀቱ ያስጠነቅቀዋል፤ እኛን ግን ብርዱ ያታልለናል። ከዚህም ሌላ አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሚገኝ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ አጋማሽና በቡሄ ሰሞን፣ ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በቡሄ ሰሞን ደመና አለ እንል ይሆናል፤ ስስ ደመና ግን ጨረሩን አያግደውም።

«እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ አትነካንም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ አለው። መከላከያው ግን ሙሉ አይደለም። ዓይንንም አይሸፍንም፤ ጨረሩ ለዓይን ሞራ ከሚዳርጉ ነገሮች አንዱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ መከላከያ ከነጭራሹ የሌላቸው ልጆች በየክፍሉ አሉ።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገር። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ በአንድ የ3ኛ ክፍል ውስጥ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ነበረ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች 6 ሰዓት ተኩል ላይ ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፉ ልጁ ባርኔጣውን አላወለቀም። ከእኛ አንዱ ሄዶ አወለቀበት፤ የቀረነውም «ደንብ ደንብ ነው» ብለን ዝም አልን። ከሰልፉ በኋላ ደግሞ በዚያው ፀሐይ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ቀጠለ። በማግስቱ የልጁ ማጅራት ውኃ ቋጥሮ መጣ። እናቱ አብራው መጥታ ነበር። አልተቆጣችንም። «መምህር፣ ባርኔጣውን እኮ ለጌጥ አይደለም ያደረግሁለት» አለችን። የምንመልሰው አጣን። ያንን የመሰለ ትምህርት ከደብተራችን አላገኘንም።

አልቢኒዝም እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእናትና ከአባት የሚወረስ የቆዳ ቀለም እጥረት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ካልተጠበቀም ገና በወጣትነቱ ለቆዳ ካንሰር ሊጋለጥ ይችላል። የማየት ችግርም ስላለበት ከኋላ ሲቀመጥ ሰሌዳው አይታየውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 6 ቀን ስለ አልቢኒዝም የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን እንዲሆን የወሰነ ሲሆን፣ ቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ቀኑ መከበሩ መልካም ነው፤ ልጁን በቀሩት ቀናት የሚጠብቀው ግን መምህሩ ነው።

መድኃኒቱ ውድ ነው እንዳይባል አብዛኛው በእጃችን ነው።

1ኛ፤ ሰዓቱን እንምረጥ። ጨረሩ የሚበረታው ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰዓት የሌለውም ጥላውን ይመልከት፤ ጥላችን ከቁመታችን ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች ማለት ነው። አባቶቻችን ጥላቸውን በእግር እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር። እኛም በአንድ ዘንግ ይህንኑ ለልጆች ብናሳይ ሳይንሱንም ሒሳቡንም ባንድ ጊዜ አስተማርን ማለት ነው።

2ኛ፤ ባርኔጣ፣ ነጠላና እጅጌ ያለው ልብስ ነውር አይሁኑ። ቅቤና ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ ጨረር አይከለክሉም። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሲገኝ ቅድሚያ አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆች ይሁን፤ እርሱም በየ2 ሰዓቱ መደገም አለበት።

3ኛ፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ እንትከል። ባሕር ዛፍ ማገዶ ይሆናል እንጂ ልጅ አያስጠልልም።

እኛ የፀሐይ ጠላቶች አይደለንም። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ የጧት ፀሐይ የሚያሞቁት አጥንቱ እንዲጠና ነው፤ ትክክልም ናቸው። ክርክራችን ከቀትሩ ፀሐይ ጋር ነው። ልጅ ሲባል ቁም ባሉት ቦታ ይቆማል፤ «ፀሐይ በዛብኝ» ብሎ መምህሩን ለመናገር አይደፍርም። ስለዚህ የት እንደሚቆምና በስንት ሰዓት እንደሚቆም የምንወስነው እኛ ነን።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት የምንጠይቀው አለ። የተቋማችን የስፖርት ተግባር ልምምድ ከቀትር ወደ ጧት ቢዛወር እኛም ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት እንዲሁ ማድረግን እንለምዳለን። እጩ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ልጅ ስናይ ከማስወለቃችን በፊት «ለምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ እንላለን።