ማርሹ ከ«ፒ» አልወጣም ሲል

ሞተሩ ተነስቷል። የማርሹ ዘንግ ግን ከ«ፒ» ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ይስባል፣ ይታገላል፤ ከኋላው ጥሩምባው ይደበላለቃል። ሰው ተሰብስቦ ለመግፋት ቢሞክርም በ«ፒ» የተያዘ ጎማ አይሽከረከርም። መጨረሻ ላይ ክሬን ይጠራል፣ ብር ይከፈላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት አሮጌ አውቶማቲኮች፣ ቪትዝና ኮሮላን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ለዚህ ቀን የተሠራ መውጫ አላቸው፤ ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ያለች ትንሽ ክዳን ወይም ቀዳዳ። ሞተሩን ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ መሳብ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ። ከዚያ የእግር ፍሬኑን እንደረገጡ ክዳኗን በቀጭን ካቻቢቴ ማንሳት፤ ከሥሯ ያለውን መጫኛ ተጭኖ ይዞ ዘንጉን ወደ «ኤን» መሳብ። በቃ። መኪናው ተገፍቶ ጥግ ይይዛል። (ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፤ ቁልቁለት ላይ ይህን መሞከር እብደት ነው።)

ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ዘዴው ከታወቀ በኋላ ነው። ካቻቢቴ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጠው፣ በየጠዋቱ ቀዳዳዋን እየወጉ ሳምንታት የሚነዱ አሉ። «ትሠራለች እኮ!» ይላሉ። መቆለፊያውን የሚያስለቅቀው ግን ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለው ማብሪያ የሚልከው ኤሌክትሪክ ነው፤ የኋላውን የፍሬን መብራት የሚያበራውም ይኸው ማብሪያ ነው። ማብሪያው ከሞተ ወይም ፊውዙ ከተቃጠለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ቀዳዳዋን ተጭኖ የወጣው ሾፌር ቀለበት መንገድ ላይ ድንገት ሲቆም፣ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ምንም ምልክት አያይም። ሞተር ሳይክል ከሆነማ የባሰ ነው።

መቆለፊያው ለጌጥ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በኦዲ 5000 ላይ፣ «መኪናው በራሱ ተፈተለከ» የሚል አቤቱታ በዝቶ ነበር። በ1989 የወጣው የመንግሥት ጥናት በአብዛኛው ያገኘው ፍሬን መስሏቸው ነዳጅ የረገጡ ሾፌሮችን ነው። ፍሬን ካልተረገጠ ከ«ፒ» አልወጣም የሚለው መቆለፊያ የተስፋፋው በዚያ ሰሞን ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። አሮጌዎቹ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ገና ይነዳሉ ማለት ነው። የማኑዋሉ ነገር አይነሳ፤ ከጃፓን የመጣው መኪና ማኑዋል ቢገኝለትም በጃፓንኛ ነው። ታዲያ ይህን ማስተማር የማን ሥራ ነው? የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ነው። የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው፤ ዘዴውን ብቻ ሳይሆን ከዘዴው በኋላ ወዴት መሄድ እንዳለበትም ጭምር፤ ማለትም ወደ ኤሌክትሪሽያን።

እስከዚያው፣ ያገለገለ አውቶማቲክ የሚገዛ ሰው ሞተሩን ብቻ አይስማ። አንድ ሰው ከኋላ አቁሞ ፍሬን ይርገጥ። ከዘንጉ አጠገብ ያለችው ክዳን ዙሪያዋ ተቧጭሮ ካየ ደግሞ፣ ሻጩን ስለ እሷ ይጠይቅ።