ሹሩባና የተማሪዎች ጠጉር

ጠጉር ለሴት ልጅ ጌጥ፣ ሹሩባም የእናት ፍቅር ምልክት መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ በሚገኙት በቢቸናና በሞጣ የበዓል ዋዜማ ሲደርስ፣ እናት ልጇን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ቅቤ እየቀባች ስትጎነጉን ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን «ይሰንብትላት» በሚል አሳብ እጅግ ከርሮ የተጎነጎነ ሹሩባ ልጅቱን እንደሚጎዳት ብዙዎቻችን አላስተዋልንም።

ጠጉር ዘወትር ከሥሩ ሲጎተት በመጀመሪያ በግንባርና በጆሮ ግንድ አጠገብ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፤ ቀጥሎም ጠጉሩ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ሹሩባው ተፈትቶ ራስ ቢያርፍ የሳሳው ይመለሳል። መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቅቤ አይመልሰውም። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ተማሪዎች በታተመ ጥናት፣ ከመቶ ልጃገረዶች 17 ያህሉ በዚሁ ምክንያት ጠጉራቸው ሳስቶ ተገኝቷል፤ ጉዳቱም ከትንንሾቹ ይልቅ ከፍ ባለ ክፍል ባሉት በዝቶ ታይቷል።

ሆኖም የጠጉር መርገፍ ሁሉ ከሹሩባ የመጣ አይደለም። በራስ ላይ ቅርፊት ያለው ክብ መላጣ ከታየ ቆረቆርን መጠርጠር ይገባል። ቆረቆር ፈንገስ የሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ በሚዶ፣ በምላጭና በሻሽ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይሻገራል። የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይፈውሰውም፤ ሐኪም የሚያዘውን የሚዋጥ መድኃኒት ለብዙ ሳምንታት ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ቆረቆር የያዛትን ልጅ በቅቤ ብቻ ማስታመም፣ በዚያው ሚዶ እኅቶቿንም ማስያዝ ነው።

ጉዳቱ በጠጉር አያበቃም። ጓደኞቿ የሚሳለቁባት ተማሪ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከኋላ ትቀመጣለች፤ መልሱን እያወቀች እጇን ማንሣት ትፈራለች።

ሹሩባ ይቅር አንልም፤ ይላላ እንላለን። መምህራንና በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁለቱን ሕመሞች ለይተው ለእናቶች ቢያስረዱ፣ ወጣት ሹማምንትም ጉዳዩን የሴቶች ወግ ነው ብለው ባይንቁት፣ ብዙ ወጪ ሳያስፈልግ ብዙ ልጆች ይድናሉ። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ሲሠራ ልጅን የሚያስለቅስ ሹሩባ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ጉዳት ሆኗል።